ሁለተኛው ቃለ መጠይቅ

አሥረኛ ክፍል እያለሁ የእንግሊዝኛ መምህራችን አንድ ወረቀት ይዞልኝ መጣ። የወጣት መሪዎች የልውውጥ ፕሮግራም ማስታወቂያ ነበር፤ የተመረጡ ተማሪዎች ለአንድ ወር ውጭ አገር ሄደው ከሌላ አገር ልጆች ጋር ይማራሉ ይላል። "ሞክሪ" አለኝ። ማመልከቻውን ሞላሁ፣ የጽሑፍ ፈተናውን አለፍኩ፣ ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ መልስ ስሸመድድ ከረምኩ። የቀጨኔን ዳገት ስወጣ ብቻዬን ሳወራ ያየኝ ሰው ጤንነቴን ሳይጠራጠር አይቀርም።

ጠያቂዎቹ ሦስት ነበሩ። መሀል የተቀመጡት መነጽር ያደረጉ ሴትዮ ወረቀቴን አገላብጠው፣ "እስካሁን ምን መርተሻል?" አሉኝ።

"አመራር ማለት..." ብዬ ጀመርኩ።

እጃቸውን በቀስታ አነሡ። "ትርጉሙን አይደለም። አንቺ ያደረግሽውን።"

የሸመደድኩትን ሁሉ በልቤ አገላበጥኩ። "ምንም" አልኩ በመጨረሻ።

አልተመረጥኩም። ለጥቂት ቀን ሰው ማናገር አስጠላኝ፤ ከዚያ ግን እልህ ያዘኝ። ጥያቄያቸው ልክ ነበር፣ የእኔም መልስ እውነት ነበር። መለወጥ ያለበት መልሱ ነው አልኩ።

በትምህርት ቤታችን የሴቶች ሽንት ቤት ውሃ ከተቋረጠ ቆይቷል። የወር አበባ የመጣባት ልጅ ወደ ቤቷ ሄዳ በዚያው ትቀራለች፤ እኔም አንዴ የሒሳብ ፈተና አምልጦኛል። ሁላችንም እናውቃለን፣ አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን የለም። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገብቼ ተናገርኩ። አቀርቅረው ሰሙኝ።

"ቧንቧው ከአጥሩ ሥር ተበላሽቷል" አሉ። "መስመሩ እንደ አዲስ መቆፈር አለበት፤ ቆፋሪ ደግሞ የለንም።"

"እኛ ብንቆፍርስ?"

"እናንተ?"

"ቅዳሜ ቅዳሜ።"

ፈገግ አሉ፤ ግን አልከለከሉኝም። "ከቆፈራችሁ የቧንቧ ሠራተኛውን እኔ አመጣለሁ።"

በየክፍሉ ዞሬ ስለተናገርኩ በመጀመሪያው ቅዳሜ አሥራ አራት ሴት ተማሪዎች መጡ። የእኛ ሰፈር መሬት ከላይ አፈር ይመስላል እንጂ ከሥሩ ድንጋይ ነው። እኔ መሪ መሆኔ ነው፤ ዳር ቆሜ "ፍጠኑ! ወሬ ቀንሱ!" እያልኩ እጮሃለሁ። በሁለተኛው ቅዳሜ የመጡት አምስት ብቻ ሆኑ። ከመካከላቸው አብራኝ ያደገችው የጎረቤታችን ልጅ ዶማዋን ጣለችው።

"አንቺ መች ቆፈርሽ?" አለችኝ። "ይሄ ለውጭ አገርሽ እንጂ ለእኛ አይደለም።" ጥላኝ ሄደች።

ያመመኝ ግማሹ እውነት ስለነበር ነው። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከእሷ ቤት ጀምሬ ቤት ለቤት ዞርኩ። "አጥፍቻለሁ። ከአሁን በኋላ መጀመሪያ የምቆፍረው እኔ ነኝ" አልኳቸው። አንዳንዶቹ ከደጅ መለሱኝ። እሷ ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሁሉም ቀድማ ተገኘች። ዘጠኝ ሆነን፣ መዳፋችን ውሃ እየቋጠረ፣ ስድስት ቅዳሜ ቆፈርን። ምክትል ርዕሰ መምህሩም ቃላቸውን ጠበቁ። ቧንቧው መጀመሪያ ቀይ ጭቃ ተፋ፤ ቆየት ብሎ ውሃው ጠራ።

በዓመቱ እንደገና አመለከትኩ። እኚያው ሴትዮ ያንኑ ጥያቄ ጠየቁኝ። ስለ ውሃው ትንሽ፣ የጎረቤታችን ልጅ ዶማዋን ስለጣለችበት ቅዳሜ ብዙ ነገርኳቸው። እንግሊዝኛዬ ሁለት ቦታ ተደናቀፈ፤ አላቆምኩም። አለፍኩ።

የቀረው የፈቃድ ወረቀቱን የሚፈርመው አባቴ ነበር። ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነው። ነገሩን ስነግረው እጁን ከሥራው አላነሣም።

"አልፈርምም። ሴት ልጅ፣ በማላውቀው አገር፣ በማላውቀው ሰው ቤት?"

"አባዬ፣ ያስፈራህን ሁሉ የፕሮግራሙን ሰዎች ራሳቸውን ጠይቃቸው። መልሳቸው ካላረካህ እቀራለሁ።"

አባቴ ግን በቀላሉ የሚረካ ሰው አይደለም።

ፕሮግራሙ በጠራው የወላጆች ስብሰባ ቀን ኮቱን ለብሶ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሌሎቹ ስለ ሻንጣ ኪሎ ሲጠይቁ እሱ ተነሣና፣ "ልጄ ብትታመም አጠገቧ የሚያድረው ማነው? ልመለስ ብትልስ በስንት ቀን ትመልሱልኛላችሁ?" አለ። አዘጋጆቹ አንድ በአንድ መለሱለት። አልበቃውም፤ ልጄን ቤቷ የምታሳድራትን ሴትዮ ካላነጋገርኩ አለ። በቪዲዮ አገናኙን።

"እንዳታለሳልሺ" አለኝ፣ "እንዳልኩት ተርጉሚ።"

የጠየቀውን ሁሉ ጠየቅኳት። ሴትዮዋ አልተቀየመችም፤ "እኔም የሴት ልጅ እናት ነኝ፤ በየቀኑ ራሴ እደውልልዎታለሁ" አለች። ተረጎምኩለት። አባቴ ስልኩን መለሰልኝና፣ "እስክሪብቶ አምጪ" አለኝ።

ውጭ አገር የቆየሁበት ወር ቀላል አልነበረም። ክፍል ውስጥ የሌላ አገር ልጆቹ ተሽቀዳድመው ሲከራከሩ እኔ ሐሳቤን በአማርኛ ሳሰናዳ ርዕሱ ያልፈኛል። አንድ ሳምንት እንዲህ ዝም ብዬ ከረምኩ። ከዚያ እጄን አወጣሁና፣ "ቀስ በሉ፤ የምለው አለኝ። ተራ እንያዝ" አልኩ። ማንም አልተቃወመም። ከጎኔ፣ እንግሊዝኛዋ ከእኔም የሚብስ፣ እስከዚያ ቀን ድምፅዋን ያልሰማናት ልጅ ተቀምጣለች። ተራዋ ሲደርስ ሁለት ዓረፍተ ነገር ለመናገር ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ሁላችንም ጠበቅናት።