ከበየዳ ያልመጣው መቅኔ

መምህር አዛናው ፈንታ ደባርቅ ላይ ያረፉት ገብሱ ታጭዶ ገና ባልተወቃበት ሰሞን ነው። በዚያ ማለዳ የትምህርት ቤቱ ደወል ያለ ሰዓቱ ተደወለ። ርእሰ መምህሩ በሰልፉ ፊት ቆመው «የባዮሎጂ መምህራችን ባደረባቸው ሕመም ዐርፈዋል» አሉና ወደ ቢሯቸው ተመለሱ። በደርግ ዘመን ስለ ሟች ብዙ መናገር አይወደድም ነበር፤ ይልቁንም ሟቹ ጫካ የገባ ወንድም እንዳላቸው ከተማው ሁሉ በሚያውቅበት ጊዜ። እኔ በዚያው ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህርት ነበርሁ። ያኔ ሳይነገር የቀረውን፣ እሳቸውን ለምታውቁ ሁሉ አሁን እጽፈዋለሁ።

መምህር አዛናው ክፍል ሲገቡ መጽሐፍ አይገልጡም ነበር። «እጃችሁን ደረታችሁ መሐል አድርጉ» ይላሉ። ተማሪው እየሣቀ እጁን ያስቀምጣል። «ከዚህ አጥንት ውስጥ፣ እናንተ ስትሥቁ፣ ደም እየተሠራ ነው። ቀይ የደም ሕዋስ ጥቂት ወራት ሠርቶ ይሞታል። ታዲያ ደማችን ለምን አያልቅም?» ከዚያ ራሳቸው ይመልሳሉ። «መቅኔያችን ውስጥ እናት ሕዋሳት ስላሉ ነው። ፈረንጆች ስቴም ሴል ይሏቸዋል። ራሳቸውን ይተካሉ፤ ሌላውንም ይወልዳሉ። ቀዩም፣ ነጩም፣ ደም የሚያረጋውም ከእነሱ ነው የሚወለደው።» እኔ ከጎን ክፍል ሆኜ ድምፃቸውን ስሰማ የራሴን ትምህርት አቋርጬ እጄን ደረቴ ላይ ያደረግሁበት ቀን አለ።

ይህን የሚያውቁት ለጥቁር ሰሌዳ ብቻ አልነበረም። አንድ በጋ ከዳባት ወዲህ ያለ አንድ ገበሬ እሳት ላይ የወደቀች ልጁን ተሸክሞ ጤና ጣቢያ አመጣ። ጭኗ ተልጦ ነበር። አባትየው አይቶ ተስፋ ቆረጠና «ሞቷን እቤቷ ትሙት» ብሎ ሊመልሳት ተነሣ። መምህር አዛናው መንገድ ላይ አገኙት። «ቆዳም እናት ሕዋሳት አሉት፤ እታች ነው የሚቀመጡት» አሉት። «ከዳር ከዳር እየሸፈኑ ይመጣሉ። ቁስሉን ካቆሸሽነው ግን እነሱንም እንገድላቸዋለን። ወደ ጤና ጣቢያው መልሳት።» መለሳት። ከዚያ ወዲያ መምህሩ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ጤና ጣቢያው እየሄዱ የቁስሉን ጨርቅ ከነርሷ ጋር ሲቀቅሉ ያመሹ ነበር። ልጅቷ ዳነች፤ ጠባሳዋ ግን አልጠፋም።

ከማረፋቸው አስቀድሞ በነበረው ግንቦት የመምህር አዛናው ድድ ይደማ ጀመር። ጠመኔ ይዘው ሲያስተምሩ ከንፈራቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ፤ ክንዳቸው ላይ ማንም ሳይነካቸው ሰማያዊ ሰንበር ይወጣል። ደረጃ መውጣት አቃታቸው። ትምህርት ሲዘጋ እናታቸው እማማ ወርቄ እጃቸውን ይዘው ጎንደር ወሰዷቸው። እማማ ወርቄ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከበየዳ ወርደው ከልጃቸው ጋር ነበር የሚኖሩት።

ሲመለሱ ልጠይቃቸው ሄድሁ። ደጅ ላይ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። «ሐኪሙ ከዳሌዬ በመርፌ ቀዳና አሳየኝ» አሉኝ። «መቅኔዬ ባዶ ነው። እናት ሕዋሳቱ ሞተዋል፤ ስብ ብቻ ቀርቷል።»

«ለምን?» አልኋቸው።

«እሱም አያውቀውም።»

ነገሩ መድኃኒት አልነበረውም ማለት አይደለም። ውጭ አገር እንዲህ ያለውን ሰው፣ የደም ካንሰር የያዘውንም፣ የወንድም ወይም የእኅት መቅኔ ሰጥተው የሚያድኑ ሐኪሞች ነበሩ። የጎንደሩ ሐኪም ወደ ተማረበት ሆስፒታል ሊጽፍላቸው ፈቃደኛ ነው። አስቀድሞ ግን የወንድማቸው ደም መመርመር አለበት፤ ከገጠመ ነው ሌላው የሚታሰበው። ወንድማቸው ደሳለው ደግሞ መንግሥትን ከሚወጉት ጋር በበየዳ ተራሮች እንዳለ ነበር ሁላችን የምናውቀው። እማማ ወርቄ ምርመራው ሲነገር አጠገባቸው ተቀምጠው ሰምተዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ አፋቸው ላይ አንድ ቃል ብቻ ቀረ፤ «ላክበት» የሚል።

መምህር አዛናው አልልክም አሉ።

ወሬው በሰፈር ሲሰማ ሰዉ በራሱ መንገድ መፍትሔ አመጣ። የሰውየው መቅኔ ካለቀ መቅኔ ይብላ ነዋ። ጊዜው ፍልሰታ ነበር። የንስሐ አባታቸው አባ መዝገቡ «ለበሽተኛ ይፈቀዳል» ብለው ፈቀዱ። በጾሙ መሐል በግ ታረደና ጎረቤቱ ሁሉ ቅልጥም ይዞ መጣ፤ ጾመኛው ሁሉ ፊቱን እያዞረ ቅልጥም ሲሰብርላቸው ዋለ። እኔ ቁጡ ነኝ፤ «ይህ ምን የሚሉት ድንቁርና ነው» ልል አፌን ስከፍት መምህር አዛናው በዓይናቸው ከለከሉኝ።

«እበላዋለሁ፤ ያበረታኛል» አሏቸው። «ግን ከሆድ ወደ አጥንት የሚወስድ መንገድ የለውም። ሆድ ውስጥ ሲገባ እንደ ማንኛውም ምግብ ነው። እናንተ ከገብሳችሁ ለዘር ብላችሁ የምታስቀምጡት የለም? ቢርባችሁም የማትነኩት? የኔ ሰውነት ዘሩን ያጣ ገበሬ ነው። እህል ብታመጡልኝ ለዛሬ ነው፤ ዘር ግን ከወንድም ጎታ ነው የሚመጣው።»

«እንዴት አድርገው ያስገቡታል?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«መጀመሪያ የኔን መቅኔ በመድኃኒት ጨርሰው ያጸዱታል። ያን ጊዜ መከላከያ የለኝም፤ ጉንፋን እንኳ ሊገድለኝ ይችላል። ከዚያ ከወንድሜ ዳሌ በመርፌ ቀድተው፣ እንደ ደም፣ በደም ሥሬ ያንጠባጥቡታል። ሕዋሳቱ ራሳቸው አጥንቴን ፈልገው ይገባሉ። ከበቀሉ ደሜ የወንድሜ ደም ይሆናል።»

እማማ ወርቄ ከበሩ ሥር ተነሡ። «እኔ አለሁ አይደል። ከዳሌዬ ይቅዱ። አንተን የተሸከመ ዳሌ ነው።»

«እናቴ፣ እኔ ግማሼን ካንቺ፣ ግማሼን ከአባቴ ወሰድሁ። ደሳለውም እንደዚሁ። ለሁለታችን ያው ግማሽ፣ ያው ግማሽ ደርሶን ከሆነ የሱ ይስማማኛል፤ ወንድም ሁሉም አይገጥምም። ያንቺ ግን ግማሹ ለኔ ባዳ ነው። ባዳ መቅኔ የገባበትን ሰውነት ጠላት ብሎ ያጠቃዋል።»

«እኔ ለአንተ ባዳ ሆንሁ» አሉ እማማ ወርቄ። ቅልጥሙን ትተው ወጡ። ለብዙ ቀን አላናገሯቸውም፤ ሲያናግሯቸውም ለክፉ ነበር። «ወንድምህ ይመጣልህ ነበር። ኩራትህ ነው የሚገድልህ» ሲሏቸው እኔም ሰምቻለሁ። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ይሰሙ ነበር።

እኔም ከእማማ ወርቄ ጋር ወገንሁ። ትምህርት ተከፍቶ ነበር፤ መምህሩ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያስተምሩ ነበር፤ ከዚያ ያም ቀረ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እናታቸው ቤተ ክርስቲያን ሳሉ፣ ሄጄ ተቆጣሁ። «በየዳ የሚሄድ ነጋዴ እኔ አላጣም። ኬላውንም የሚያልፍበት ዘዴ ይፈለጋል። እርስዎ ለመሞት ለምን ይቸኩላሉ?» አልኋቸው።

በሩን እንድዘጋ በእጃቸው አመለከቱኝ። ከዚያ «ደሳለው የለም» አሉኝ።

አልገባኝም።

«ከክረምቱ በፊት ተገድሏል። አንድ የበየዳ ሰው ገበያ መሐል በጆሮዬ ነገረኝ። ጎንደር ሐኪሙ ወንድም አለህ ወይ ሲለኝ እናቴ አጠገቤ ናት፤ አለኝ አልሁት።»

«ለእሳቸው ለምን አይነግሯቸውም?»

«መርዶ ባረዳት ለቅሶ ትቀመጣለች። ለማን ነው የምታለቅሽው ይሏታል። ለሽፍታ አለቀሰች ተብላ እስር ቤት ትገባለች። አፍኚው ብላት ደግሞ ያልተለቀሰ ልጅ ያሳብዳታል። ልጄ ተራራ ላይ አለ፤ የሚከለክለው ይህ ግትሩ ነው ብላ ብትጠላኝ ይሻላል። ቢያንስ እየተቆጣች ትበላለች።» ትንፋሻቸው አጠረና ዐረፍ አሉ። «እኔ የሞትሁ ዕለት አባ መዝገቡ ይንገሯት። በኔ ለቅሶ ውስጥ እሱንም ታልቅሰው። ማንም አይጠይቃትም።»

ቤቴ ገብቼ አለቀስሁ። ከንዴት ይሁን ከኀዘን እስከ ዛሬ አልለየሁትም። አንድ ሰው መዳኛው ምን እንደሆነ እስከ መጨረሻዋ ሕዋስ ድረስ ዐውቆ፣ መዳኛው መሬት ውስጥ እንደገባም ዐውቆ፣ የእናቱን ጥላቻ ቁጭ ብሎ መቀበሉ አሁንም ያንገበግበኛል።

ደወሉ ያለ ሰዓቱ በተደወለበት ማለዳ አባ መዝገቡ ሁለቱንም መርዶ ለእማማ ወርቄ በአንድ ትንፋሽ ነገሯቸው። ድንኳኑ ሲሞላ፣ የቀበሌው ሰዎችም መጥተው ከአጎዛው ላይ ሲቀመጡ፣ እማማ ወርቄ ተነሥተው ደረታቸውን መቱ። «አዛናው» ሲሉ እኛ ሴቶቹ ከሥር ተቀብለን አለቀስን። «ደሳለው» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ግን ዙሪያቸውን ከብበን ድምፃችንን ከድምፃቸው በላይ አነሣን፤ ስሙ ከመካከላችን እንዳይወጣ። ቀኑን ሙሉ እንዲህ አደረግን። ከሴቶቹ ብዙዎቹ ለምን እንደሆነ አልተነገራቸውም፤ ማንም ግን አልጠየቀም። የቀበሌው ሰዎች ንፍሯቸውን በልተው ሄዱ።

መምህር አዛናው፤ እናትዎ ሁለት ልጆቻቸውን አልቅሰዋል፤ ማንም አልነካቸውም። ከተዝካርዎ በኋላ እኔን ጠርተው «ወንድሙ እንደሌለ እያወቀ ነው ያን ሁሉ ስሰድበው ዝም ያለኝ?» ሲሉኝ እውነቱን ነገርኋቸው፤ እርስዎ ይህን ደብቂ አላሉኝም ነበርና። መቃብርዎ ላይ ሄደው ምን እንዳሉዎት እርስዎ ነዎት የሚያውቁት፤ እኛ ራቅ ብለን ቆመን ነበር። የደሳለው መቃብር የት እንዳለ አሁንም አልታወቀም፤ ስለዚህ እናትዎ ለእሱ የሚያበሩትን ሻማ እርስዎ ዘንድ ያበሩታል። ይቀበሉለት። ደኅና ይረፉ።