በሶ በብርጭቆ

አክስቴን ወደዚያ ባር የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ዓይናቸውን ለመታከም ከአገራችን ከቀየት ወደ ደብረ ብርሃን መጥተው እኔ ቤት ሰንብተው ነበር። ሐኪሙ ጠብታ ሰጥቷቸው ስንወጣ ገና ከሰዓት በኋላ ነው፤ ትንሽ አረፍ ይበሉ ብዬ መንገዳችን ላይ ወዳለው ኮክቴል ቤት አስገባኋቸው። እውነቱን ለመናገር ላሳርፋቸው ብቻ አልነበረም። የባሩ ባለቤት አንድ ቀን አምጪልን እያለ ደጋግሞ ጠይቆኛል።

ይህ ሰው መጠጡን የሚቀምመው ከምግብ እየተነሳ ነው። አንዱ ብርጭቆ ሽሮ ሽሮ ይሸታል፤ የሌላው ጠርዝ ላይ ሚጥሚጣ ይነሰነሳል፤ እያንዳንዱም ታሪኩ የተጻፈበት ካርድ አለው። ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ጋር መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት፣ የመንዝ ሰው መሆኔን ሲሰማ በአገሬ ምን እንደሚጠጣ ጠየቀኝ። ጠላና አረቄ ማለት አነሰብኝ። የአክስቴን በሶ ነገርኩት። ባላቸው ታመው እህል አልወርድ ሲላቸው፣ አክስቴ በሶውን በማርና በጦስኝ በጥብጠው፣ በሻሽ አጥልለው በማንኪያ ይሰጧቸው ነበር። እኔን ያሳደጉኝ እነሱ ናቸው፤ ባላቸውንም አባባ እያልኩ ነው ያደግሁት። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ሲያዳምጠኝ ጊዜ መጨረሻውን አሳመርኩት። የመጨረሻዋን ማንኪያ ከሚስታቸው እጅ ጠጥተው፣ ፈገግ ብለው አረፉ አልኩ፤ አጠገባቸው የነበርኩ ይመስል። አንዷ ጓደኛዬ እንባዋን ጠረገች። ደስ አለኝ።

እኔ ግን የደረስኩት ለቀብር ነው። እየደከሙ ነው ተብሎ ሁለት ጊዜ ተደውሎልኝ፣ ሥራ በዝቶብኛል ብዬ ቀርቻለሁ።

በሌላ ጊዜ ስሄድ መጠጡ ተሠርቶ፣ ካርዱም ተጽፎለት ጠበቀኝ። "የመጨረሻው ጉርሻ" ብሎታል። አረቄ የገባበት በሶ ነው፤ ይጣፍጣል። ሰው ወዶታል ሲለኝ ኮራሁ እንጂ አላፈርኩም።

ለአክስቴ አረቄ ያልገባበትን አዘጋጅቶ በሁለት እጁ አቀረበላቸው። ጎንጨት እንዳሉ ጦስኙን ለዩት፤ ከመንዝ ጓሳ የመጣ እንደሆነም ጠየቁ። ሰውዬው ደስ ብሎት፣ ከእርስዎ የተማርነው ነው አለና ካርዱን ጮክ ብሎ ያነብላቸው ጀመር። ላስቆመው እችል ነበር። የቦርሳዬን ማንገቻ ጣቴ ላይ እጠቀልል ጀመር።

አክስቴ እስከ መጨረሻው ሰሙት። ብርጭቆውን ጠረጴዛውን ዳስሰው አስቀመጡና ወደ እኔ ዞሩ።

"ማን ነገረው?"

"እኔ ነኝ፣ እቴቴ።"

"እሱ እኮ አልጠጣም" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ጥርሱን ገጥሞ እምቢ አለኝ። በሶው አንገቱ ላይ ፈሰሰ።"

ሰውዬው ግራ ገብቶት ያየኛል። ውሸቱ የእኔ እንጂ የእሱ እንዳልሆነ፣ አባባ ሲያርፉም እዚያ እንዳልነበርኩ ተናገርኩ። ለእሱ ነው እንጂ ለአክስቴማ ምን አዲስ ነገር አለው? አለመኖሬን ከማንም በላይ ያውቃሉ። ሰውዬው ካርዱን አንስቶ ይቅርታ ሲጠይቃቸው፣ አንተ ምን ታደርግ ልጄ ብለው እጁን ያዝ አደረጉት። ጠብታው ዓይናቸውን አደብዝዞት ስለነበር እስከ ቤት ድረስ ክንዴን ይዘው ሄዱ። ተቆጥተው ቢለቁኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ወደ ቀየት ተመለሱ። ባሩ የመጠጡን ስም ቀይሮ መሸጡን ቀጠለ፤ እኔ ግን ዳግም እዚያ አልረገጥኩም። በስልክ ስንገናኝ ስለ ዝናቡና ስለ በጎቹ ያጫውቱኛል፤ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል የለም።

ለፋሲካ ቀየት ሄድኩ። የመጣው ዘመድ ሁሉ ተሸኝቶ ሁለታችን ብቻ ስንቀር፣ አባባ እንዴት እንዳረፉ እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው። መደቡ ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

"ከታመመበት ቀን ልጀምርልሽ" አሉ።

አባባ ካረፉ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል፤ እስከዚያ ቀን ድረስ አክስቴን ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር።