«አርፏል» ያልኩትን ለማረም ወደ ሺንሺቾ

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከሆሳዕና የተነሳሁት አንድ ቃል ለማረም ነው። ቃሉን ያበላሸሁት ደግሞ እኔው፣ የእንግሊዝኛ መምህሩ።

ታናሽ ወንድሜ ታሪኩ ወታደር ነው፤ ሰላም ለማስከበር ውጭ አገር ዘምቷል። ሁለት ሳምንት ድምፁ ጠፍቶ ሰነበተና የዚያን ቀን ማለዳ ሚስቱ ማርታ ከሺንሺቾ ደወለችልኝ። አብሮት ያለ የሌላ አገር ወታደር በእንግሊዝኛ መልእክት ልኮላታል። ፊደል እየቆጠረች ስታነብልኝ «ኦን ሬስት» የሚል ሰማሁ። ከግዳጅ ተመልሶ እረፍት ላይ ነው ማለት ነው። እኔ ግን የፈተና ወረቀት እያረምኩ ስለነበር «አርፏል ይላል» አልኳት። ስልኩ ተቋረጠ።

ምን እንዳልኩ የገባኝ ያኔ ነው። መልሼ ስደውል ስልኳ ዝግ ነው። እናታችን የደም ግፊት አለባት፤ ይህን ከሰማች አለቀልን።

መናኸሪያ የተጠየቅኩትን ሂሳብ ሳልከራከር ከፈልኩ። እኔን ለሚያውቅ ይህ ብቻውን ጉድ ነው።

አንጋጫ

ዝናብ ጥሎ መንገዱ ጨቅይቷል፤ መኪናው ያዘግማል። ግራና ቀኙ እንሰት ብቻ ነው። «ዲዩቲ» ግዳጅ፣ «ሊቭ» ፈቃድ፣ «ሬስት» እረፍት እያልኩ ወታደር ተማሪዎቼን የማስጠናቸው የወታደር ቃላት ጭንቅላቴ ውስጥ ይዞራሉ። ቆጮ በከረጢት የያዙ ሴትዮ አጠገቤ ተቀምጠዋል።

«ልጄ፣ ፊትህ ልክ አይደለም። ለቅሶ ነው እንዴ?»

«አይ እማማ፣ እንዳይሆን ነው የምሮጠው።»

«ጌታ ይቅደምልህ» አሉኝ።

ዱራሜ ላይ ምሳ ሳልበላ መኪና ቀየርኩ።

ሺንሺቾ፣ ዘጠኝ ሰዓት

ከሩቅ ድንኳን ፈለግሁ። የለም። እናቴ ደጅ ላይ ጎመን ትቀነጥሳለች።

«ምነው፣ በደህና ነው?»

«ናፍቃችሁኝ ነው» ብዬ ወደ ጓሮ አለፍኩ። ማርታ ዓይኗ አብጧል። ለማንም አልተናገረችም፤ ስልኩንም የዘጋችው እናቴ ሰምታ እንዳትጠረጥር ነው።

«ለእማዬ አንተ መጥተህ እስክትነግራት ብዬ ነው» አለችኝ።

«እረፍት ላይ ነው ማርታ! እረፍት! እኔ ነኝ የተሳሳትኩት!»

ደረቴን በቡጢ መታችኝ። «ጋሼ! ከጠዋት ጀምሮ ገድለኸው ዋልክ!» አለችና ተንሰቅስቃ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ።

ስትረጋጋ እስክሪብቶ አመጣች። «‹በሕይወት አለ› በእንግሊዝኛ ምንድን ነው?»

«አላይቭ።»

መዳፏ ላይ ጻፈችው። «ከእንግዲህ ይህቺን ብቻ ነው የምጠይቃቸው።»

እሁድ ከሰዓት ሆሳዕና ገባሁ። የወታደር ቃላት ብዙ ትርጉም አላቸው እያልኩ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ቤት ሆኖ ለሚጠብቅ ሰው ግን ሁለት ብቻ ናቸው፤ አለ ወይም የለም።

ገና ጫማዬን ሳላወልቅ የማርታ መልእክት ገባ። ያንን ወታደር ጠይቃ ኖሮ ታሪኩ ራሱ መልሶላታል፦ «አላይቭ»።

ትርጉሙን አልጠየቀችኝም።