አፏ ሲያዝ

የእህቴ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ስትደርስ ከጅጋ ገጠር መጥታ ፍኖተ ሰላም እኔ ዘንድ ተቀመጠች። ስትናገር ትንተባተባለች። ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ ሲያዝ አንገቷ ይገተራል፣ ዓይኗ ይጨፈናል። አባቷ "አጥርተሽ ተናገሪ" እያሉ በአለንጋ ሲገርፏት ነው ያደገችው። በተመታች ቁጥር ደግሞ አፏ ይብስ ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሸሚዟ በደም ተነክሮ መጣች። ደሙ የእሷ አልነበረም። ብጠይቃት አልመልስ አለች፤ የነገረችኝ አብራት የምትማር የጎረቤት ልጅ ናት። መምህሩ አስነስቷት እንድታነብ አዘዛት። የመጀመሪያው ቃል ላይ ተይዛ ስትቆም ከኋላዋ የተቀመጠ ልጅ እንደ በግ እየጮኸ አነጋገሯን አስመሰለ፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። በእረፍት ሰዓትም እያስመሰለ ተከተላት። ድንጋይ አንስታ አፉን አለችው። ከወደቀም በኋላ ደረቱ ላይ ተቀምጣ ደጋግማ መታችው። ጥበቃው ባያላቅቃት ትገድለው ነበር። የፊት ጥርሶቹ ረገፉ።

በማግሥቱ አባቷ ተጠርተው መጡ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ እንዳዩዋት ምንም ሳይጠይቁ በያዙት ዱላ ጀርባዋን አሏት። ተደፋች። ሊደግሟት ሲሉ መሃል ገባሁ፤ ዱላው ክንዴ ላይ አረፈና አጥንቴ ተሰነጠቀ።

"የሰው ደም አፍስሳ ላቅፋት ኑሯል?" አሉኝ።

"እርስዎ አፏን በአለንጋ ዘጉት፤ እሷም የሰው አፍ በድንጋይ ሰበረች። ከማን የተማረችው ይመስልዎታል?"

ዱላቸውን ይዘው ወደ መናኸሪያው ሄዱ።

የልጁን አጎቶች ከበቀል ያስታገሧቸው ሽማግሌዎች ናቸው። እሷ ለጊዜው ከትምህርት ታገደች። እኔም ክንዴን በጀሶ ታስሬ ቤት ስለዋልሁ መጽሐፍ ዘርግተን አብረን ጮክ ብለን እናነብ ጀመር። አብረን ስናነብ አትያዝም። ቀስ በቀስ ድምፄን እየቀነስሁ ብቻዋን ተውኋት። ስትያዝ ቃሉን አልጨርስላትም፤ ፊቷን እያየሁ እጠብቃለሁ።

ወደ ትምህርቷ ከመመለሷ በፊት መምህሩ ዘንድ ሄድሁ።

"በድንገት አያስነሷት። ስትያዝም ዝም ብለው ይጠብቋት" አልሁት።

"እልኸኝነት መስሎኝ ነበር" አለኝ፤ ተስማማ።

ስትመለስ እጇን አውጥታ ራሷ ላንብብ አለች። ማታ እራት ላይ ነገረችኝ። መሃል ላይ ተይዛ አንዱ ሲስቅ ሰማች።

"ል... ልመታው ፈልጌ ነበር፣ እቴቴ። ዴስኩን ጨ... ጨብጬ ያዝሁ።"

"ታዲያ ምን አደረግሽ?"

ቃሉ እስኪመጣላት ጠበቅኋት።

"ጨ... ጨርሼ አነበብሁ" አለችኝ።