ስልሳ አንድ ኢሜይል

ቢሯችን ውስጥ ሽብሩን ያልወደደው የለም፣ ያልተናደደበትም የለም። እኔ ሆሳዕና በአንድ የትምህርት ቤቶች ማስተባበሪያ ቢሮ መዝገብ ቤት የምሠራው ኤልሳ፣ ሁለቱንም ሆኛለሁ።

የአንጋጫ ልጅ ነው። ኮምፒውተሩን ራሱ በራሱ ነው የተማረው። ሦስት ዓመት በኮንትራት ሠርቷል፣ የእጮኛው የትዝታ አባት ደግሞ «ቋሚ ሳትሆን ሽማግሌ እንዳትልክ» ብለውታል። ስለዚህ «ቋሚ» የሚል ቃል በተነሳ ቁጥር ጆሮው ይቆማል።

በ2002 ኃላፊያችን አቶ ወልደ ሰንበት ጠሩት። «የክረምት ሥልጠናው ጥሪ እስከ ዓርብ ለመምህራኑ ሁሉ በኢሜይል ይሂድ። ካሳካኸው የቋሚነት ደብዳቤህን እፈርማለሁ» አሉት።

የሦስት መቶ ሰማንያ መምህራንን ፎርም ተቀብዬ፣ ባዶ ቦታ አለመኖሩን ብቻ እያየሁ ኮምፒውተር ላይ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ስሙ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ስልኩ፣ ኢሜይሉ አንድ ላይ ተጨፍልቋል። ኢሜይሉን አንድ በአንድ እየለቀምኩ ልስጥህ ስለው ሳቀብኝ።

«እትዬ ኤልሳ፣ ይሄ የማሽን ሥራ ነው።»

በጣም ነው የተናደድኩት። እሱ ግን ፓይተን በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ስድስት መስመር ትእዛዝ ጻፈ፦ ያቺን ክብ ውስጥ ያለች «ኤ» ፈልግ፣ ግራና ቀኟ ያለውን ይዘህ ውጣ፣ የተደጋገመውን አንዴ ብቻ ቁጠር። ተጫነው። ስልሳ አንድ ኢሜይል ወጣ።

አቶ ወልደ ሰንበት መነጽራቸውን አወለቁ። «ሦስት መቶ ሰማንያ መምህር አለኝ፣ አንተ ስልሳ አንድ ታመጣልኛለህ?» ደስ አለኝ፣ አልደብቅም።

ሽብሩ ቀኑን ሙሉ ከትእዛዙ ጋር ሲታገል ዋለ። በመጨረሻ ድግግሞሹን የምታስቀረውን መስመር ቢያጠፋት አንድ አድራሻ ብቻውን ሦስት መቶ ሃያ ጊዜ ተደርድሮ መጣ። የፋንታዬ ነው፣ መናኸሪያው አጠገብ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ያላት፣ ለመምህራኑ ፎርም የምትሞላላቸው።

ሄደ፣ እኔም ተከተልኩት። እንዲህ ያለ ጠብ እንዴት ይቀርብኛል?

«እትዬ ፋንታዬ፣ ምን አድርገሽኝ ነው?»

«ፎርሙ ኢሜይል ይላል፣ እነሱ የላቸውም» አለች ተረጋግታ። «ባዶ ሲሆን ደግሞ ቢሯችሁ ይመልሳቸዋል። ከሙዱላ ድረስ መጥቶ ሰው በባዶ እጁ ይመለስ? የእኔን ሰጠኋቸው።»

የምመልሳቸው እኔ ነበርኩ።

ሌላ መላ ስላልነበረው ሽብሩ ጥሪውን ለስልሳ አንዱ ላከ። ፋንታዬ የደረሳትን አትማ በሯ ላይ ለጠፈችው፣ በየገበያው ቀን ከሺንሺቾም ከሀቢቾም ለመጣ ሰው ሁሉ «ለመምህራኖቻችሁ ንገሩ» ትል ጀመር።

ሥልጠናው ሲከፈት አዳራሹ ሞላ። በራሳቸው ኢሜይል ከተጠሩት ስልሳ መምህራን የመጡት ዘጠኝ ናቸው። ከፋንታዬ ሦስት መቶ ሃያዎቹ ግን የቀሩት ስድስት ብቻ ናቸው።

አቶ ወልደ ሰንበት ስም ዝርዝሩን አይተው፣ «ቋሚ መደቡ ለፋንታዬ ነው የሚገባው። ሂጂ ጠይቂያት» አሉኝ። ቀልድ አልነበረም። ሽብሩ ፊቱ አመድ መሰለ፣ ያን ጊዜ አንጀቴን በላኝ።

ፋንታዬ ከምትጽፈው ቀና እንኳ አላለችም። «ስምንት ሰዓት ሙሉ ለአንድ አለቃ ልቀመጥ? ይቅርብኝ። ለልጁ ስጡት፣ ሊያገባ ነው አሉ።»

ደብዳቤው ከሰዓት በኋላ ተፈረመ። ሠርጉ ላይ የትዝታ አባት ተነሥተው፣ «ይህ ልጅ በገዛ ዕውቀቱ ነው ቋሚ የሆነው» ብለው ለእንግዳው ሁሉ ሲናገሩ ሽብሩ አቀረቀረ። ፋንታዬ ክትፎዋን እየጎረሰች፣ «እውነት ነው፣ እኔ ምስክር ነኝ» አለች።