ገመዱን ሁለቴ የተሻገሩት ሽማግሌዎች

ገመዱ ጋ ስንደርስ ረፋድ አራት ሰዓት ነበር... ከሐይቅ ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ፣ ወረዳ ከወረዳ በሚለይበት ቦታ፣ በሁለት በርሜሎች መካከል የተወጠረ ገመድ። ጦርነቱ ከሄደ ወራት ቢያልፉም ገመዱ አልሄደም ነበር። ያለ ይለፍ ወረቀት ወፍ አያልፍም።

ሚኒባሷ ውስጥ ሹፌሩን ሳይጨምር አራት ነን። ሼህ ይመር፣ ጋሽ ተፈራ፣ ሐያትና እኔ። ለሐያት ወንድም ለሰይድ ሚስት ልንጠይቅለት ነው የምንሄደው። እኔ እንኳ ለሽምግልና የሚሆን ጢም የለኝም። ሦስተኛው ሽማግሌ ሲታመሙ «ጋቢያቸው አልታመመም» ተብሎ ጋቢው እኔ ላይ ተጣለ።

ሴት ሽምግልና አትሄድም። ሐያት የመጣችው ግን ወረቀቱን ያስወጣችው እሷ ስለሆነች ነው። ዱባይ ስድስት ዓመት ሠርታ ተመልሳለች፤ ድንበር የሚባል ነገር ከሷ በላይ የሚያውቅ እንደሌለም እርግጠኛ ናት። መንገዱን ሙሉ አንድ ቀን ኦማን ደርሶ ለመመለስ ጎብኚ ስንት ነገር እንደሚከፍል ስትዘረዝርልን መጣች። የመውጫ፣ የመግቢያ፣ የመኪናው ኢንሹራንስ... ወረቀቱ ላይም «የጉዞው ምክንያት» በሚለው ቦታ «ጉብኝት» ያስባለችው እሷ ናት። ሥራ ሲሏቸው ይመልሳሉ፣ ዘመድ ሲሏቸው ዘመዱን ጥሩ ይላሉ፣ ጎብኚን ግን ማንም አይነካም ብላ።

የገመዱ ጠባቂ ሚሊሻ አያ ሙሄ ይባላሉ። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ የሼህ ይመርን ጥምጣም፣ የጋሽ ተፈራን ከዘራ፣ የኔን ጋቢ ተራ በተራ አዩ።

«ጎብኚዎች ናችሁ?»

ጋሽ ተፈራ ከዘራቸውን ወደ ጎን ሸሸግ አደረጉ።

«ከሐይቅ ተነስታችሁ... አምባሰልን ልትጎበኙ? በዚህ ሰሞን?»

በዚያ ሰሞን ሰው ሁሉ ሰላይ ይመስል ነበርና ሊያመልጠኝ የነበረው ሳቅ የት እንደገባ አላውቅም። ውረዱ ተባልን። ይሄኔ ሐያት በመስኮት ብቅ ብላ «የመግቢያው ክፍያ ስንት ነው?» አለች። ክፍያ የለውም አሏት። ወደኛ ዞራ፣ ክፍያ የሌለው ድንበር አይታ እንደማታውቅና ሰውየው የደበቁት ነገር እንዳለ በሹክሹክታ አስጠነቀቀችን።

ያዳኑን ሼህ ይመር ናቸው። ቀስ ብለው እውነቱን ነገሯቸው። የአያ ሙሄ ፊት ወዲያው ተፈታ።

«ታዲያ ሼኬ፣ ይሄንኑ አታጽፉም ነበር? ለሽማግሌ የማይነሳ ገመድ አለ?»

አነሱልን። ግን ወረቀቱ የሚሠራው ዛሬ እስከ አሥር ሰዓት ብቻ መሆኑን አስታወሱን። ነገ ሌላ ወረቀት ያስፈልጋል። ለዚህኛው ደግሞ ስምንት ቀን ጠብቀናል።

ቤታቸው ስንደርስ የልጅቷ የዘሃራ አባት ጋሽ እንድሪስ በክብር ተቀበሉን። ሼህ ይመር ዱዓ አድርገው ጉዳዩን አሳመሩት፤ ጋሽ ተፈራ የሰይድን ዘር እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩ። ጋሽ እንድሪስ ሰምተው ሲጨርሱ አባት ሁሉ የሚለውን አሉ። አልሐምዱሊላህ፣ በመልካም መጣችሁ፣ እስቲ ዘመድ እንማከርና ተመለሱ።

ይሄ በኛ አገር እንቢታ አይደለም። ሽማግሌ በመጣበት ዕለት እሺ ያለ አባት «ልጁ ከብዳው ነው» ይባላል፤ እሺታ የሚሰጠው ተመልሶ ለመጣ ሽማግሌ ነው። ችግሩ ሌላ ነው። ዘሃራ ቀደም ብላ ለሐያት በስልክ ጽፋላታለች፤ ከመርሳ በኩልም ሽማግሌ መጥቶ ተመልሷል፣ ነገ ለሁለተኛ ጊዜ ይመጣል። በነሱና በዚህ ቤት መካከል ደግሞ ገመድ የለም።

ሚኒባሷ ውስጥ ለቅሶ ቤት የተቀመጥን መሰልን። ሐያት ብቻ ጥፍሯን እየነከሰች ታስባለች...

«ዱባይ የጉብኝት ቪዛችን ሲያልቅ ምን እናደርግ ነበር መሰላችሁ? ኦማን ድንበር እንሄዳለን፣ እንወጣለን፣ እንዞራለን፣ እንገባለን። ውጭ ስንት ሰዓት ቆያችሁ ብሎ የጠየቀን የለም። አዲስ ሰው ነን።»

ጋሽ ተፈራ «እና?» አሉ።

«እናማ ውጡና ግቡ።»

ስምንት ሰዓት ላይ ገመዱ ጋ ነበርን። አያ ሙሄ ነገሩን ሰምተው ሐያትን ከላይ እስከ ታች አዩአት። ከዚያ ብዕር አወጡ። ሼህ ይመር ጀለቢያቸውን ሰብስበው ገመዱን ተራመዱት። ጋሽ ተፈራ ጎንበስ ብለው በሥሩ ሾለኩ፤ ቀና ማለቱ ግን ጊዜ ወሰደባቸው። በሐይቅ በኩል ቆመን አየሩን ሳብን። ተመልሰን ተሻገርን። አያ ሙሄ በወረቀቱ ጀርባ «ወጡ»፣ ከሥሩ «ገቡ» ብለው፣ ሰዓቱን ጽፈው ፈረሙ።

ጋሽ እንድሪስ በራፋቸው ላይ ሲያዩን የረሳነው ዕቃ ያለ መስሏቸው ነበር። ሼህ ይመር «ሄደን ተመለስን» ብለው ወረቀቱን ሰጧቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ገለበጡት። ደግመው አነበቡት።

«ወረዳውን ለቃችሁ ወጥታችኋል ማለት ነው?»

«ጉልበቴን ይጠይቁት» አሉ ጋሽ ተፈራ።

ከመጋረጃው ጀርባ የታፈነ ሳቅ ተሰማ። ቀጥሎ የእናትየው ድምፅ መጣ፦ «እንግዲህ መንግሥት ፈርሞበታል።»

ጋሽ እንድሪስ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሁለቴ የመጣ ሽማግሌ ምን ተብሎ ይመለሳል...» አሉና እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። ለካ ሰውየውም እሺ የሚሉበት ወረቀት አጥተው ነው።

ከአሥር ሰዓት በፊት ገመዱን ስንሻገር ሐያት ስለ ክፍያው ድጋሚ ጠየቀች። አያ ሙሄ አሁንስ ክፍያ አለው፣ የሰርጉ ዕለት እነግርሻለሁ አሏት።

ሰርጉ ሐይቅ ከተማ ላይ ሲሆን ገመዱ ተነስቷል። አያ ሙሄ ነጭ በነጭ ለብሰው ድንኳኑ በር ላይ ሲደርሱ ሐያት ሻርፗን ከምሰሶ ምሰሶ ወጥራ ቆመች።

«የጉዞው ምክንያት?»

አያ ሙሄ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጉብኝት።»

የዚያን ቀን ከሙሽሮቹ ቀድሞ ክፍያው በትሪ የቀረበላቸው ጎብኚ እሳቸው ብቻ ነበሩ።