ከበሩ ሽፋን ጀርባ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ። የእነዚህን የሁለቱን ግን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ መልአክ አለመሆኔን ደግሞ ጋራዡ በሙሉ ይመሰክራል። ሃያ ሰባት ዓመት የዕቃ ክፍሏን መስኮት ይዤ ተቀምጫለሁ። አሮጌውን ካላመጣህ አዲሱን ብሎን አልሰጥህም እያልኩ ስጨቃጨቅ ፀጉሬ ሸበተ። ስጀምር የመኪና በር የሚፈቱና የሚገጥሙ ሁለት ሰዎች ነበሩን። አንዱ ምሳ ሳይደርስ ሦስት በር ይጨርሳል፣ እየሠራም ያፏጫል፤ ቶሎቶሎ አልኩት። ሌላው አንዷን በር ሲያባብል ይውላል፤ ቀስበቀስ አልኩት። ስሙ ተጣበቀባቸው፤ የጋራዡ ባለቤት ሳይቀሩ በዚያው ይጠሯቸው ጀመር።

አሁን የቀረው ቀስበቀስ ብቻ ነው። ጉልበቱ አልታዘዝ ስላለው የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ ተቀምጦ ይሠራል። አዲስ አዲሱን መኪና ወጣቶቹ ይወስዱታል፤ አሮጌ ሲመጣ ሁሉም ወደ እሱ ጥግ ይጠቁማል። ሴት ልጁ በየሳምንቱ እየመጣች “አባዬ፣ አሁንስ ይብቃህ” ትለዋለች። “ይቺን በር ልጨርስና” ይላታል። ያቺ በር አልቃ አታውቅም።

ሲሠራ ማየት ግን ደስ ይላል፣ የቸኮለ ሰው ካልሆኑ። የመስታወቱን ማዞሪያ የያዘችውን ትንሽ ሽቦ በካቻቢቴ አይፈነቅላትም። ጨርቅ ከማዞሪያው ኋላ ያስገባና እንደ ጫማ ጠራጊ ግራና ቀኝ ይጎትታል፤ ሽቦዋ ራሷ ዘላ ትወጣለች። የክንድ ማስደገፊያውን ብሎኖች ፈትቶ በጣሳ ያኖራል። ከዚያ ከእንጨት ማማሰያ እጀታ የጠረባትን ስስ ማንሻ ከበሩ የውስጥ ሽፋን ሥር ይሰዳል። አሮጌ ሽፋን ካርቶን ነው፣ በጉልበት ከመጡበት ይቀደዳል። ክሊፖቹን አንድ በአንድ “ነይ፣ ነይ እንጂ” እያለ ያወጣቸዋል። አንድ ልማድ ደግሞ አለው፦ የተከፈተ በር ጥሎ አይነሳም። ምሳውን እንኳ እዚያው ሳጥኑ ላይ ይበላል። እርጅና ያመጣው ግትርነት ይመስለኝ ነበር።

ሟቹ ባለቤት አንድ ሕግ ነበራቸው። ማንም በር የሠራ ሰው ሽፋኑን ከመግጠሙ በፊት ብረቱ ላይ በውኃ በማይለቅ ቢጫ ቀለም ምልክቱን ያኖራል። የቶሎቶሎ ሁለት ሰረዝ ነበር። የቀስበቀስ ክብ ነው፣ መሐሉ ላይ ነጥብ ያለው። ከዚያ በምልክቱ ላይ ላስቲክ በማስቲሽ ይለጠፋል፣ በላስቲኩ ላይ ሽፋኑ ይገባል። ላስቲኩ ለጌጥ አይደለም። ዝናብ በመስታወቱ ጠርዝ ወደ በሩ ውስጥ መግባቱ አይቀርም፤ ላስቲክ ካለ ከታች ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል፣ ከሌለ ተሳፋሪው እግር ሥር ይተኛል።

የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ሦስት ቀን ሙሉ ዝናብ ከጣለ በኋላ፣ አንድ ደንበኛ አረንጓዴ መኪናውን ይዞ እየጮኸ ገባ። ወለሉ ላይ የነበረው ምንጣፍ ሲጨመቅ ባልዲ ይሞላ ነበር። በሩ የተሠራው እኛ ዘንድ ነው፣ ላስቲኩ ተረስቷል። ማን ረሳው? የሥራ ወረቀቱ ላይ የሠራተኛ ስም አልተጻፈም። ቶሎቶሎ “እኔ አይደለሁም” አለ። ቀስበቀስም “እኔ በሕይወቴ ላስቲክ ረስቼ አላውቅም” አለ። ሽፋኑን ፈትቶ ምልክቱን ማየት ይበቃ ነበር፤ ሰውዬው ግን “ደግሞ ልታበላሹት?” ብሎ መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

ያኔ እኔ ከመስኮቴ ብቅ ብዬ “ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ!” አልኩ። ራሴው ተርቼ ራሴው ቀድሜ ሳቅኩ። ጋራዡም ሳቀ፣ ባለቤቱም ሳቁ። ከዚያ በኋላ የጠየቀ የለም። ቶሎቶሎ ከሰዓት በኋላ መሣሪያውን በጆንያ ከትቶ ወጣ። የበር ሥራን ዳግም አልነካም። ኋላ ከፊት ለፊታችን ያለው ትምህርት ቤት ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። ጠዋት ጠዋት እሱና ቀስበቀስ በመንገዱ ማዶና ማዶ እጅ ይነሣሣሉ። ግን አንዳቸውም መንገዱን ተሻግሮ አያውቅም።

ባለፈው ማክሰኞ አንዲት ነርስ አሮጌ ነጭ መኪና ይዛ መጣች። የሾፌሩ መስታወት አልወጣም ብሏል፣ ውስጡም ይሸታል። መኪናዋን ትታልን ወደ ሥራዋ ሄደች። ቀስበቀስ ሳጥኑን ጎትቶ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ ድምፁ መጣ።

“እስቲ ነይ።”

እኔን ጠርቶ አያውቅም። ክሊፕ ሲፈልግ እንኳ ራሱ ነው የሚመጣው። ሄድኩ። የሽፋኑ የታችኛው ጫፍ ውኃ እንደ ነካው ዳቦ እየተፈረፈረ እጁ ላይ ቀርቷል። ክሊፖቹን አወቅኳቸው፤ ያን ዓመት ብቻ ያስገባኋቸው ሰማያዊዎቹ ናቸው። በበሩ ጠርዝ ነጩ ቀለም ሲላጥ ከሥሩ አረንጓዴ ይታያል። ላስቲክ የለም። ብረቱ ዝጓል። ከዝገቱ መሐል አንዲት ቢጫ ክብ አለች፣ መሐሏ ላይ ነጥብ።

ጎንበስ ብዬ ሁለት ሰረዝ ፈለግኩ፤ የለም።

“ይቺን በር የሠራሁ ቀን ልጄ ትኩሳት ይዟት ስልክ መጣልኝ” አለ፣ ዓይኑን ከክቧ ሳያነሣ። “በሩን ከፍቼ ትቼ ሄድኩ። ስመለስ ላስቲኩን የለጠፍኩ መሰለኝ። ሽፋኑን ገጠምኩ።”

“አላወቅክም ማለት ነው።”

“አላወቅኩም። ግን ተጠራጥሬ ነበር።” ማንሻዋን ጉልበቱ ላይ አኖራት። “ተጠራጥሬ ዝም አልኩ። አንድ የምኮራበት ነገር እሱ ብቻ ነበር፣ አልረሳም የሚለው።”

ክፍት በር ጥሎ የማይነሣው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ጨርቅ በቤንዚን አርሼ እንድሰጠው ጠየቀኝ። አመጣሁለት። ክቧን ለማጥፋት አንዴ መጥረግ ይበቃል። ሃያ ሰባት ዓመት የኖረ ስም ነው፣ ጡረታ ለመውጣት ስድስት ወር ቀርቶታል።

“ማንም አላየም” አልኩት። “እኔም አላየሁም።” እውነቱን ለመናገር ያዘንኩት ለእሱ ብቻ አልነበረም። ክቧ ከጠፋች የእኔም ሳቅ አብሮ ይጠፋል።

ዙሪያውን ያለውን ጭቃና የደረቀ ማስቲሽ ጠረገ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ልማዱ። ክቧን አልነካትም። ጭራሽ ቁልጭ ብላ ወጣች።

“ሂጂ ቶሎቶሎን ጥሪልኝ” አለኝ። “በሩን ጥዬ አልሄድም።”

ተሻገርኩ። ቶሎቶሎን “ቀስበቀስ ይፈልግሃል” ስለው “ለምን?” ብሎ አልጠየቀኝም። ለተረኛው ጓደኛው አደራ ብሎ ቆቡን አውልቆ ተከተለኝ። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ወደ ጋራዡ ሲገባ ዘይት የፈሰሰበትን ቦታ ሳያይ በእግሩ ዘለለው፤ አሁንም እዚያው ነው የሚፈሰው።

በሩ ፊት ቆመ። አጎነበሰ። በአውራ ጣቱ ክቧን ዳሰሳት።

“የዚያ ሰውዬ መኪና ነች?”

“ነች” አለ ቀስበቀስ። “እኔ ነኝ የረሳሁት።”

ቶሎቶሎ ቀና አለ። ይሳደባል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሳደብ በወደድኩ። ሲናገር ድምፁ የደከመ ሰው ድምፅ ነበር።

“ታውቃለህ፣ ያቺን በር በሐሳቤ ስፈታት ስገጥማት ኖሬያለሁ። መጀመሪያ እኔ አይደለሁም አልኩ። ቆይቼ እንጃ አልኩ። በመጨረሻ እኔ ነኝ ብዬ አመንኩ። ለሚስቴም አዎ፣ እኔ ነኝ፣ ቸኩዬ ነው አልኳት። ልጆቼን ‘እንደ አባታችሁ አትቸኩሉ’ እያልኩ ነው ያሳደግኳቸው።”

ቀስበቀስ ፊቱን በዚያ በቤንዚን በራሰ ጨርቅ ሸፈነ። “ይቅር በለኝ ወንድሜ” አለ ከጨርቁ ሥር።

“ለእኔ ተወው። ለሚስቴ ንገራት።”

“እሺ። ማታ ሥራ ስጨርስ…”

“አሁን” አለ ቶሎቶሎ። “ቤቴ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ነው።”

ቀስበቀስ የተፈታውን በር አየ። ብሎኖቹ በጣሳ ናቸው፣ አዲሱ ላስቲክ ተቆርጦ መሬት ላይ ተዘርግቷል፣ የማስቲሹ ቆርቆሮ ክፍት ነው። ከዚያ የመኪናዋን ጣሪያ ይዞ ተነሣ። ጉልበቱ ሲንቋቋ ሰማሁት። ቶሎቶሎ ክንዱን ሰጠው፣ እሱም ያዘው፤ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ወጡ።

መስኮቴን ዘግቼ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩና ተከተልኳቸው። ለዚያች ሴት እኔም የምነግራት ነበረኝ፤ ያን ቀን ቀድሜ የሳቅኩት እኔ ነኝና።